ውብ ካርታ ለሚወዱ ወጣት ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

በኤምአርአይ የአንጎልን ብረት ለመለካት የምትማሩ ወጣቶች የምትጠይቁኝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «የትኛው ሶፍትዌር የተሻለ ካርታ ያወጣል?» ካርታ የምንለው የአንጎል ሕብረ ሕዋስ በየነጥቡ ለማግኔት የሚሰጠውን ምላሽ የሚያሳየውን ምስል ነው። እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፦ ካርታው ላይ ማሽኑ የለካው የቱ ነው፣ እናንተ የገመታችሁትስ? አንዳንዶቻችሁ ሽማግሌው ጥያቄውን ሸሸ እንደምትሉ አውቃለሁ። ግድ የለም።

ከተለካው እንነሣ። ማሽኑ ከእያንዳንዷ ነጥብ ሁለት ነገር ይቀበላል፤ የሲግናሉን ጉልበትና ፌዙን፣ ማለትም ሲግናሉ በዙሩ የት እንደደረሰ የሚናገረውን ማዕዘን። ሐኪሙ ዘንድ የሚደርሰው ጥቁርና ነጭ ምስል የሚሠራው ከጉልበቱ ነው። ፌዙ በብዙ ቦታ ሳይቀመጥ ይጠፋል። የማከማቻ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ የዓመታት ፌዝ የተጣለበትን ተቋም አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ያንገበግበኛል። በዚያ መረጃ ውስጥ የነበረው፣ በየነጥቡ የማግኔት መስኩ ምን ያህል እንደተዛባ የሚናገረው ክፍል ነበር።

መዛባቱ ጥቂት ነው፤ ፌዝ ግን ጥቂቱን አጉልቶ ያሳያል። በ3 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት መስክ ብርታት መለኪያ ነው) ማሽን የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ በሰከንድ 128 ሚሊዮን ዙር ያህል ይዞራል። መስኩ ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ቢጨምር ልዩነቱ በሰከንድ 13 ዙር ገደማ ይሆናል፤ በ20 ሚሊሰከንድ ደግሞ ሩብ ዙር። ሩብ ዙር በግልጽ ይታያል። ይህን ስሌት ኮምፒውተር ሳትከፍቱ በወረቀት ሥሩት።

መስኩን የሚያዛባው በአንጎል ውስጥ ያሉት ነገሮች ለማግኔት የሚሰጡት ምላሽ ነው። በፌሪቲን (ብረት በሚያከማች ፕሮቲን) የተከማቸ ብረትና ኦክስጅኑን የለቀቀ ደም በአንድ ወገን፣ ማይሊን (የነርቭ ክሮች ስባማ ሽፋን) እና ካልሲየም በተቃራኒው ወገን ይቆማሉ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ በ1845 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የደረቀ ደምን ሲፈትን፣ ብረት ይዞም ማግኔት እንደማይስበው አይቶ ተገረመ። በትኩስ ደምም መሞከር እንዳለበት በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ሄሞግሎቢን ለማግኔት የተለያየ ምላሽ እንዳላቸው ኬሚስቶቹ ፖሊንግና ኮርየል ያሳዩት ግን በ1936 ነው። ለሐኪም ይህ ልዩነት ምን ይጠቅማል ብትሉ፣ የቆየ የደም መፍሰስና የካልሲየም ክምችት በተለመደው ምስል ሁለቱም ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ፤ በካርታው ላይ ግን አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ሆኖ ይለያል።

አሁን ወደ ግምቱ። በአንድ ነጥብ ላይ የተለካው መዛባት የመጣው ከዚያው ነጥብ ብቻ አይደለም። የአንዱ ቤት ጭስ በጎረቤት ጣሪያ ላይ እንደሚያንዣብብ፣ የአንዲት ደም ሥር ተጽዕኖም በዙሪያዋ ወዳለው ሕብረ ሕዋስ ይሻገራል። እኛ የምናየው ጭሱን ነው፤ የምንፈልገው ምድጃውን። የአፍንጫ ጉድጓዶች አየር የሚያመጣው መዛባት ደግሞ ከሁሉም ስለሚበልጥ አስቀድሞ መወገድ አለበት፤ ያም የራሱ ግምት አለው።

በፉሪየር ዓለም (ምስሉ ወደ ሞገዶች ተበትኖ በሚታይበት ስሌት) ሲታይ ነገሩ፣ ማለትም ከምድጃው ወደ ጭሱ መሄዱ፣ ቀላል ማባዛት ይመስላል። ችግሩ ከዋናው መስክ 54.7 ዲግሪ በሚያዘነብለው የሾጣጣ ገጽ ላይ ማባዣው ዜሮ መሆኑ ነው። እዚያ ያለው መረጃ አልተለካም፤ በአቅራቢያው ያለውም በጩኸት፣ ማለትም በዘፈቀደ የልኬት መዋዠቅ፣ የተዋጠ ነው። በዜሮ ገደማ አካፍላችሁ ልትመልሱት ስትሞክሩ ካርታው በሰንበር ይሞላል። ታካሚው ጭንቅላቱን በሦስት የተለያዩ አቅጣጫዎች አዘንብሎ ቢቀረጽ ክፍተቱ ይሞላል፤ ነገር ግን የፓርኪንሰን ሕመምተኛን አንገትህን ወዲያ ወዲህ እያልክ ሦስት ጊዜ ተኛ የሚለው ማን ነው? ስለዚህ ክፍተቱን በግምት እንሞላዋለን፤ ካርታው ልስልስ ነው ብለን፣ ወይም ጠርዙ ከተለመደው ምስል ጠርዝ ጋር ይገጥማል ብለን፣ ወይም የሠለጠነ ኒውራል ኔትወርክ ይሙላልን ብለን። ሶፍትዌሮቹ የሚለያዩት በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

በ2016 በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ የተካሄደውን የካርታ መሥሪያ ዘዴዎች ውድድር ውጤት ማንበብ ይገባችኋል። የአንድ ጤነኛ ሰው ጭንቅላት በ12 አቅጣጫዎች ተቀርጾ ማመሳከሪያ ተዘጋጀ፤ ተወዳዳሪዎቹ የተሰጣቸው የአንዱ አቅጣጫ መረጃ ብቻ ነው። በስሕተት መለኪያው ቁጥር የቀደሙት ካርታዎች ከልክ በላይ የለሰለሱ፣ ረቂቅ ዝርዝራቸው የጠፋ ሆነው ተገኙ። መለኪያው ለሕክምና የሚፈለገውን አልሸለመም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ «ዘዴዬ አሸነፈ» የሚለኝን ሰው ካርታውን አጉልቶ ጥቃቅን ደም ሥሮቹን እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ።

ሌላው ጥንቃቄ ብረት የሚለውን ቃል ቶሎ አለመጥራት ነው። በ1958 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በሞቱ ሰዎች አንጎል ላይ ብረትን በኬሚካል ለክተው በግሎበስ ፓሊደስ (በአንጎል ጥልቅ ባለ ግራጫ ክፍል) ከ100 ግራም 21 ሚሊግራም ገደማ አገኙ። በ2012 የግራዝ ተመራማሪዎች ካርታውን ከእንዲህ ያለ የኬሚካል ልኬት ጋር አነጻጸሩ፤ በግራጫው ክፍል ዝምድናው ጠንካራ ነበር፤ በነጩ ክፍል ማይሊን ስለሚቃረነው ደካማ ነው። ብረቱ በትክክል ተለካ እንኳ ብንል የበሽታው ምክንያት እሱ ነው ማለት አይደለም። በ2022 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ገና መድኃኒት ላልጀመሩ 372 የፓርኪንሰን ታካሚዎች ብረት የሚያስወግድ ዴፈሪፕሮን ወይም ማስመሰያ እንክብል ለ36 ሳምንት ሰጠ። ኤምአርአዩ የብረቱን መቀነስ አሳየ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ታካሚዎች ምልክት ግን ከሌሎቹ ይበልጥ ባሰ።

ማሽን በእጃችን የለም የምትሉ የውድድሩን መረጃ በነጻ አውርዳችሁ ጀምሩ። ማሽኑ ያላችሁ ደግሞ ቴክኒሻኑን ወዳጅ አድርጉትና ፌዙን እንዲያስቀምጥ ለምኑት። ከተለያዩ የሲግናል መቀበያዎች የመጣው ፌዝ በትክክል መዋሃዱንም አረጋግጡ፤ ካልተዋሃደ በምስሉ መሐል ተቆርጦ የቀረ መስመር ታያላችሁ፤ ያን የሚያክም ሶፍትዌር አትፈልጉ። በ1.5 ቴስላ ያንኑ ሩብ ዙር ለማየት 40 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሲግናሉ እስከዚያ ስለሚደክም ነጥቦቹን ሰፋ አድርጉ። ካርታው የሚሰጠው ልዩነትን ብቻ ስለሆነ ዜሮ ብላችሁ የወሰዳችሁት የትኛውን የአንጎል ክፍል እንደሆነ ከሥሩ ጻፉ። ያልተጻፈበትን ካርታ የላከልኝ ሳላየው እመልስለታለሁ።