«አስታማሚ ውጡ!» ከማለታችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ጎንደር ውስጥ ዋርድ ለምትገቡት ነው። እኔ ነርስነት ላይ ጸጉሬ ሸብቷል። ስለ መርፌና ስለ ካርድ አያያዝ አስተማሪዎቻችሁ ይነግሯችኋል። እኔ ስለ አስታማሚዋ ላውራ።

ታውቋታላችሁ። ከመተማ ወይ ከቋራ በመኪና ስትንገላታ መጥታ፣ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ፣ ጋቢ ተከናንባ የምታድረዋ። «ከውጭ ይገዛ» የሚል ወረቀት ሲሰጣት ፒያሳን ዞራ የምታመጣው እሷ ናት። ጠዋት ሐኪሞች በሽተኞችን እየዞሩ የሚያዩበት ራውንድ ሲደርስ ግን «አስታማሚ ውጡ!» ብለን በር እንዘጋባታለን። ሌሊቱን ስንቴ እንዳስታወከው የምታውቀው ሴት ኮሪደር ላይ ቆማ፣ እኛ ካርድ እናገላብጣለን።

እኔም በድያለሁ። ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ባሏን የምታስታምም ሴት ነበረች። ጀርባው ላይ ሳይገላበጥ ከመተኛት የመጣ ቁስል አየሁና «በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪው አልተባልሽም?» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባት። ዝም አለች። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ አገላብጪው አልናት እንጂ ማናችንም አላሳየናትም። ትልቅ ሰው ለብቻ በአንሶላ እንዴት እንደሚዞር፣ ትራሱ የት እንደሚገባ ከየት ትወቀው?

ስለዚህ አሳዩ። ከዚያ «እስቲ አንቺ አድርጊው» በሉ። «ገባሽ?» ብትሏትማ «አዎ ሲስተር» ነው መልሷ፣ ባይገባትም።

ወደ ቤት ሲሸኙ ደግሞ ይብሳል። ካንሰር ላለበት ሰው ሕመም ማስታገሻው የሞርፊን ሽሮፕ ሲታዘዝ «በየ4 ሰዓቱ» ብላችሁ አትለፉ። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ሲተኛ 4 ብላችሁ ቁጠሩላት። ማንበብ ካልቻለች ሲሪንጁ ላይ ልኩን በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ብዙ ቤት ሱስ ይሆንበታል ተብሎ ይፈራና እስኪጮህ ይጠበቃል። ሕመሙ ሳይመለስ መስጠት እንደሚሻል አስረዷት። ሆድ እንደሚያደርቅ፣ ለዚያም ማለስለሻ እንዳለው ካልነገራችኋት ትተወዋለች። ጸበልም ትወስደው ይሆናል። አትቆጧት፤ ሽሮፑን ይዛ እንድትሄድ ብቻ ተስማሙ።

ከተቻለ ቤቷ ድረስ ሂዱ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ጤና መኮንኑም ኮሚኒቲ ነርሷም የሠለጠኑት ገጠር ወርደው እንዲሠሩ ነበር። ዛሬ ቢያንስ ስልክ አለ፤ ደውሉላት።

ከሁሉ የሚከብደው ጉርሻው ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት በሽተኛው መብላት ያቆማል። እሷ አጥሚቱን ይዛ «ለእኔ ስትል አንዲት ማንኪያ» እያለች ትለምነዋለች። ጎረቤት ደግሞ «ምነው፣ አታበይውም እንዴ?» ይላታል። እኛ አገር ያላጎረሰ እንደ ጨከነ ነው የሚቆጠረው። ሰውነቱ ሲደክም ምግብ እንደማይፈልግ፣ በግድ ቢጎርስ ትን እንደሚለው ንገሯት። ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ታርስለት። «ያንቺ ጥፋት አይደለም» የሚለውን ከእናንተ አፍ ትስማው። ያ ጎረቤት ባለበት ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

ምስጢሩም አለ። ቤተሰቡ «ለእሱ እንዳትነግሩብን» ይላል፣ እሷ እንባዋን ኮሪደር ላይ ጠርጋ ትገባለች። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ገብቶታል። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን በእርጋታ ጠይቁት።

ያቺን የጮህኩባትን ሴት በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኋት። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ስላት አለቀሰች። ግፊቷን ስለካት 180 በ110። ኪኒኗን ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ብሩ ለባሏ መድኃኒት ሄዷል። የእሷን ኪኒን አስጀመርናት። የባሏን ወንድም አስጠርተን ፈረቃ አስገባነው። ዘመድ ቤት ሄዳ ሁለት ሌሊት ተኛች። ስትመለስ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ነበር።