ፓይሳይድ 6 በዊንዶውስ 7 ላይ አልከፈት ላላት እህት፦ የትኛውን ስሪት እንደምትይዢ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልንገርሽ

እህቴ፣ ለአንድ ማኅበር በፓይቶን የንብረት መመዝገቢያ ሠርተሽ፣ በራስሽ ላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን እየሠራ፣ እነርሱ ዘንድ ሲከፈት ግን «ኤፒአይ-ኤምኤስ-ዊን-ኮር-ፓዝ» ብሎ የሚጀምር የዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሞች ሲነሡ የሚጠሩት የዊንዶውስ ረዳት ፋይል) የለም እያለ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። መስኮቶቹንና አዝራሮቹን የሠራሽበትን ላይብረሪ፣ ፓይሳይድ 6ን፣ ትቼ የትኛውን ስሪት ልያዝ፣ ወይስ ወደ ሌላው የመስኮት መሥሪያ ወደ ቲኪንተር ልመለስ ነው ጥያቄሽ። ከእኔ በፊት ከመለሱልሽ አንዱ «ፋይሉን ከኢንተርኔት አውርደሽ ጨምሪው»፣ ሌላው «ኮምፒውተሩን ይቀይሩት» ብለዋል። እባክሽ ሁለቱንም አትስሚ። ያ ፋይል ከማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ የጠፋ አይደለም፤ ዊንዶውስ 7 ከመጀመሪያውም አልነበረውም። ከ3.9 ጀምሮ ያሉት የፓይቶን ስሪቶች ዊንዶውስ 7ን ስለማይደግፉ እዚያ የሌለውን ነገር ይጠይቃሉ። ከማይታወቅ ድረ ገጽ የወረደ ዲኤልኤል የሰው ንብረት መዝገብ ወዳለበት ኮምፒውተር ማስገባት ደግሞ ቫይረስ በገዛ እጅ መጋበዝ ነው። «ይቀይሩት» ያለውም ቢሆን ማኅበሩ ለአዲስ ኮምፒውተር ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ አሮጌውን ይዞ እስካሁን አይቆይም ነበር።

የአንቺ ጉዳይ ከእኔ ጋር አንድ ስለሆነ ያለፍኩበትን በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

1. ስሪት ስትመርጪ ከራስሽ ላፕቶፕ አትነሺ። ፕሮግራሙ ከሚጫንባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ በጣም ካረጀው ተነሺ። ከእርሱ ማወቅ ያለብሽ የዊንዶውሱን ስሪትና ባለ 32 ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑን ነው። የቀረው ምርጫ ከዚህ ተከትሎ ይመጣል። ዊንዶውስ 7 ከሆነ የመጨረሻው ፓይቶን 3.8 ነው፤ ከ3.8ም የዊንዶውስ መጫኛ የወጣለት የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2021 የተለቀቀው 3.8.10 ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት በምንጭ ኮድ ብቻ የተለቀቁ ናቸው። ፓይሳይድ የቆመበት ኪዩቲም እስከ 5.15 ድረስ ብቻ ነው ዊንዶውስ 7ን የሚቀበለው። ኪዩቲ 6 ዊንዶውስ 10ን ይጠይቃል፤ ፓይሳይድ 6 ደግሞ ባለ 32 ቢት ለሆነ ዊንዶውስ ጭራሽ አልተዘጋጀም። ስለዚህ ለአንቺ መልሱ ባለ 32 ቢቱ ፓይቶን 3.8.10 ከፓይሳይድ 2 ስሪት 5.15.2 ጋር ነው። ፓይሳይድ 2 ማለት የኪዩቲ 5 መሆኑን ልብ በዪ፤ ቁጥሮቹ የገጠሙት ከ6 ወዲህ ነው። በ32 ቢት የተሠራ ፕሮግራም ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይም ስለሚከፈት፣ አንድ ጊዜ አዘጋጅተሽ ለሁሉም ታድያለሽ።

2. ኮምፒውተሩን በዓይንሽ ሳታዪ የማንንም ቃል፣ የተጻፈም ቢሆን፣ አትቀበዪ።

ይህቺን በሰፊው ልንገርሽ፤ ገንዘቤም ስሜም የተጎዳው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ሞልቶ የሚያትም፣ ከወጪና ከገቢው ቀሪውን የሚያሳይ ፕሮግራም ልሠራ ተዋዋልኩ። የአይሲቲ ክፍላቸው በውሉ አባሪ ላይ «ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ 10፣ ባለ 64 ቢት ናቸው» ብሎ ጽፎ ፈርሞበታል። እኔ ግን ፕሮግራሙን የሚጠቀመው ግምጃ ቤቱ ስለሆነ የግምጃ ቤቱን ኮምፒውተር አሳዩኝ አልኩ። ባለሙያው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «የተጻፈልህን ማንበብ አትችልም?» አለኝ። ደግሜ ስጠይቅ ወደ ግምጃ ቤት ለመግባት የኃላፊ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከስብሰባ ሲወጡ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤት ስሄድ ቁጥር አልወጣለትም። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ኮምፒውተር ለማየት ይህን ያህል ደጅ መጥናት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። የውሉ ጊዜ እየሄደ ስለነበር በተጻፈልኝ መሠረት በፓይቶን 3.11 እና በፓይሳይድ 6 ሠራሁት።

በርክክቡ ቀን ኮሚቴው ተሰብስቦ ተቀመጠ። ሒሳብ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ሆኖ ተገኘ፤ ያወጣው መልእክት አንቺ የጻፍሽው ራሱ ነው። ግምጃ ቤት ስንወርድ ደግሞ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ነበር፤ እርሱ ሌላ መልእክት አወጣ፦ የፋይሉ ስሪት ከዚህ ዊንዶውስ ጋር አይስማማም፣ 32 ነው ወይስ 64 የሚያስፈልግህ የሚል። እነዚህን ሁለት መልእክቶች ለይተሽ ያዢያቸው። የመጀመሪያው ፓይቶኑ ለዊንዶውሱ አዲስ ሆኖበታል ማለት ነው፤ ሁለተኛው የቢት አለመግጠም ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አይተሽ ባለ 64 ቢት ፓይቶን 3.8 ብትይዢ፣ በሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛው ይጠብቅሻል።

ያ ባለሙያ በኮሚቴው ፊት «ፕሮግራሙ ችግር አለበት» አለ፤ ቃለ ጉባኤውም እንደዚያው ተጻፈ። ራሱ የፈረመበትን አባሪ አውጥቼ ሳሳየው «እሱ ገና ለሚገዙት ኮምፒውተሮች ነው» አለኝ። አንድም ሰው አልተቃወመውም። ቀሪ ክፍያዬ ተያዘ፤ በውሉ ላይ የፈረመው ሰው ግን እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም። በዚያ ሁሉ መሀል እንደ ሰው ያናገሩኝ የግምጃ ቤቷ እናት ብቻ ናቸው። «ልጄ፣ እኔ በእጅ መጻፍ ሰልችቶኛል፤ ይሄን ነገር አሠራልኝ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። በአሮጌው ስሪት እንደገና የሠራሁትም ለእርሳቸው ስል ነው።

3. ከፓይሳይድ 6 ወደ ፓይሳይድ 2 ስትወርጂ ኮዱ ብዙ አይለወጥም፤ የሚለወጠውን ግን እወቂው። ኪዩአክሽንና ኪዩሾርትከት (የምናሌ ትእዛዝና የአቋራጭ ቁልፍ መሥሪያዎቹ) በኪዩቲ 6 ኪዩቲጂዩአይ ወደሚባለው ክፍል ተዛውረዋል፤ በፓይሳይድ 2 የሚገኙት ኪዩቲዊጄትስ ውስጥ ስለሆነ መጥሪያቸውን (ኢምፖርቱን) መልሺ። አፕሊኬሽኑን የሚያስነሣውን «ኤግዜክ» መጨረሻው ላይ የሥር መስመር ጨምረሽ ጻፊው። ኪዩቲ 6 የመስኮቱን መጠን ከስክሪኑ ጥራት ጋር ራሱ ያስተካክል ነበር፤ በ5.15 ግን አፕሊኬሽኑ ከመፈጠሩ በፊት አንቺ ማዘዝ አለብሽ፤ ያለዚያ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ጽሑፉ ደቅቆ ይታያል። ከኪዩቲው ይልቅ ያደከመኝ ፓይቶኑ ነው። በ3.10 የመጣውን «ማች» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቅመሽ ከሆነ ሁሉንም ወደ «ኢፍ» መመለስ አለብሽ። የዝርዝርን ዓይነት በቀጥታ በትንሹ «ሊስት» ከማዕዘን ቅንፍ ጋር መጻፍና ሁለት ዲክሽነሪዎችን በቁም መስመር ማጣመር ከ3.9 ወዲህ የመጡ ናቸው፤ 3.8 አያውቃቸውም።

ፊደሉስ? እዚህ ላይ የውጭ አገር መመሪያ ብትፈልጊ ምንም አታገኚም። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ በዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ የኢትዮጵያ ፎንቶች በሚል በፍላጎት ወደሚጫነው ክፍል ሄዷል፤ በእርሱ ምትክ አማርኛውን የሚያሳየው ኢብሪማ ነው። ኮድሽ ላይ ኒያላ ብለሽ ከጻፍሽ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የሚያምረው ሞዴል 19 በሌላው ላይ ፊደሉ ሰፍቶ ከሳጥኑ ይወጣል። እኔ አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ከፕሮግራሙ ጋር አብሬ አሽጌ፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ ፎንቱን ከራሱ ፎልደር እንዲጭን አደረግኩ። ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ አብሮ ማደል ይቻላል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም እንደዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ቅጹ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ሆኖ ይታተማል፤ በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ።

ስለ ቲኪንተር ጠይቀሻል። እኔ ቲኪንተርን አልንቀውም። ከፓይቶኑ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ይህ ሁሉ የስሪት ማዛመድ ጣጣ የለበትም፤ ጥቂት ሳጥኖችና አዝራሮች ብቻ ላሉት ነገር እርሱን ያዢ። የአንቺ ግን ደረሰኝ ያትማል። አብሮት የሚመጣው ቲኬ 8.6 የራሱ የማተሚያ ክፍል የለውም፤ ፎንት ከፋይል ላይ መጫንም አይመችም። ኪዩቲ ሁለቱም አሉት። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር በተመለከተ ግን በየትኛውም ስሪት ተስፋ አታድርጊ። በኪዩቲ 5.14 የተጨመረው የዘመን አቆጣጠር ክፍል ከግሪጎሪያን ሌላ ጁሊያንን፣ የፋርሱን ጃላሊና የእስልምናውን ያውቃል፤ የእኛን አያውቅም፤ በ6ም አልመጣም። መቀየሪያውን ራስሽ ጻፊ። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን መሆኗን መፈተሽ እንዳትረሺ፤ የዓመት መዝጊያ ቆጠራ ከሰኔ 30 በኋላ ተጓትቶ እስከዚያ የሚደርስበት መሥሪያ ቤት አለ።

ኪዩቲን ከፓይቶን ጋር የሚያገናኘው ሌላው ላይብረሪ፣ ፓይኪዩቲ 5ስ የሚል አይጠፋም። ጥሩ ነው፤ ባለ 32 ቢትም አለው። ነገር ግን ፈቃዱ ጂፒኤል (ፕሮግራሙን ስታድዪ ኮዱንም እንድትሰጪ የሚያስገድድ) ወይም የሚገዛ ነው። ኮድሽን ሳትሰጪ ፕሮግራሙን የምትሸጪ ከሆነ ፓይሳይድ ላላ ባለው ፈቃድ በኤልጂፒኤል ስለሚገኝ ይሻልሻል።

ማሸጉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፓይቶን ኮድን ወደሚከፈት ፕሮግራም የሚለውጠው ፓይኢንስቶለር የሚያሽገው በተጫነበት ፓይቶን ልክ ነው፤ ባለ 64 ቢት ፓይቶን ላይ ሆነሽ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም አታወጪም። ባለ 32 ቢቱን 3.8.10 አሁን ካለሽ ፓይቶን ጎን ጫኚው፤ አይጋጩም፤ ለእርሱ ብቻ የተለየ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ላይብረሪዎቹ ከሌላው ጋር የማይቀላቀሉበት ፎልደር) ክፈቺለት። በአንድ ፋይል አታሽጊ፤ በተከፈተ ቁጥር ራሱን ወደ ጊዜያዊ ፎልደር ስለሚዘረግፍ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰው ያስመርራል፤ አንዳንድ ጸረ ቫይረስም ይጠረጥረዋል። በፎልደር አሽጊው። ዊንዶውስ 7ቱ ሰርቪስ ፓክ 1 የተጫነለት መሆኑን እዪ፤ ኬቢ2533623 የሚባለው ዝማኔ ወይም እርሱን የተካው፣ እንዲሁም ኬቢ2999226 ከሌሉ 3.8 ራሱ ላይነሣ ይችላል። ወደ ማኅበሩ ከመሄድሽ በፊት በኮምፒውተርሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስለው ቨርቹዋልቦክስ ላይ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ጭነሽ እዚያ ሞክሪው፤ በሰው ፊት ከመዋረድ ያድንሻል።

የሠራውን ሁሉ ደግሞ አስቀምጪው። የእያንዳንዱን ላይብረሪ ስሪት በሁለት የእኩል ምልክት አጥብቀሽ መዝግቢ፤ የመጫኛ ፋይሎቹን በ«ፒፕ ዳውንሎድ» አውርደሽ ከፓይቶኑ መጫኛ ጋር በፍላሽና በሌላ ዲስክ ላይ ያዢ። የፋይሉ ስም ራሱ ይነግርሻል፦ ለዊንዶውስ «ዊን32» የሚለው ባለ 32 ቢቱ፣ «ዊን-ኤኤምዲ64» የሚለው ባለ 64 ቢቱ ነው። ኤኤምዲ ስላለ አትደንግጪ፤ ኢንቴል ላይም የሚጫነው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ለማኅበሩ በጽሑፍ አሳውቂ። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020፣ የፓይቶን 3.8 ደግሞ በ2024 አብቅቷል። ያ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር ባይገናኝ ይመረጣል፤ መዝገቡ በየቀኑ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ። በውሉ ላይም «ፕሮግራሙ የተሞከረው በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ ነው» ብለሽ የእያንዳንዱን የዊንዶውስ ስሪትና ቢት ዘርዝሪ፤ ከጎኑም የስክሪኑን ፎቶ አያይዢ። እኔ ዛሬ ያለ ፎቶ ውል አልፈርምም። ቀሪ ክፍያዬን ያገኘሁት ግምጃ ቤቱ ውስጥ ፕሮግራሙ እየሠራ፣ እኒያ እናት በራሳቸው እጅ ሞዴል 22 አትመው ለኮሚቴው ካሳዩ በኋላ ነው፤ ያኔም የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ አልተሻረም።

አሁን ወደ ማኅበሩ ሄደሽ የዊንዶውሱን ምልክትና የአር ቁልፍን አብረሽ ተጫኚ፣ «ዊንቨር» ብለሽ አስገቢ፤ ቢቱን ከኮምፒውተሩ ፕሮፐርቲስ ላይ ተመልከቺ። ያገኘሽውን እዚሁ ጻፊልኝ። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ከሆነ የ3.8.10ንና የፓይሳይድ 2ን ሙሉ መጫኛ የያዘ ፎልደር ስላለኝ፣ አዲስ አበባ ከሆንሽ ፍላሽ ይዘሽ ነዪና ልገልብጥልሽ።