ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ፦ ከጎጃም ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች

በሕግ ሙያና በሽምግልና ያሳለፍሁትን ዕድሜ መሠረት በማድረግ፣ ከየወረዳው የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ በአሜሪካ መሣሪያ መያዝ የሕገ መንግሥት መብት ነው። በእኛስ?

መልስ፦ ይህን መብት የሚደነግገው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ በ1791 እ.ኤ.አ. ጸድቋል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2008 እ.ኤ.አ. መሣሪያ መያዝ የግለሰብ መብት መሆኑን ወስኗል። የእኛ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 51 ስለ መሣሪያ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል እንጂ ለዜጋው መብት ብሎ አይደነግግም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ አባቶቻችን ምንሽርና ውጅግራ ባይኖራቸው ኖሮ ጣሊያንን ባልተቋቋሙ ነበር። ገበሬን ትጥቅ ማስፈታት ነውር አይደለምን?

መልስ፦ ታሪኩ እውነት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. እነ በላይ ዘለቀ በጎጃም ተዋግተዋል፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን የተቃወመው የሞጣና የብቸና ገበሬም መሣሪያ ባይኖረው ኖሮ መንግሥት ውዝፉን ግብር ይምር ነበር ለማለት ይከብደኛል። ስለዚህ መንግሥት ሁልጊዜ ጠባቂ ነው ብሎ የሚጀምር ክርክር ለጎጃም ሰው አይበቃም። ነገር ግን ወራሪን የመከተ ጠመንጃ በእርሻ ወሰን ጠብ የወንድምን ሕይወት ሲያጠፋ ያንኑ ክብር ሊያገኝ አይገባውም።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ ከጎረቤቴ ጋር በደም እንፈላለጋለን። እኔ መሣሪያዬን ሳስረክብ እርሱ ቢደብቅ ራሴን ለሞት መስጠቴ አይደለምን?

መልስ፦ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። መሣሪያ የሚፈለገው በሰላም ውሎ ለማደር ስለሆነ፣ ከእጅዎ የሚወስደው አካል ሕይወትዎን የመጠበቅን ግዴታም አብሮ ይረከባል፤ ይህን ሳይወጣ አንዱን ወገን ብቻ ትጥቅ የሚያስፈታ ባለሥልጣን፣ ሕግ ያስከበረ ቢመስለውም በደል ፈጽሟል ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ጎረቤትዎም ስለ እርስዎ ይህንኑ ሊናገር ይችላልና፣ እንዲህ እያላችሁ ሁለታችሁም ልጆቻችሁን ለደም መላሽነት ታሳድጋላችሁ። ስለዚህ ዕርቁ ይቅደም፤ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቶች ገብተው የደም ካሳው ከተከፈለና ነገሩ በመሐላ ከታሰረ በኋላ፣ ሁለታችሁም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሸንጎ ፊት መሣሪያችሁን አቅርቡ። እርስዎ ቀድመው ብቻዎን እንዲያስረክቡ አልመክርም።

ጥያቄ፣ ከደጀን፦ በሠርግና በለቅሶ መተኮስስ?

መልስ፦ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል። በየትኛውም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም።

ጥያቄ፣ ከብቸና፦ ልጄ ጓደኞቹን አይቶ በሬ ሽጬ ክላሽ ልግዛ ይለኛል። ልከልክለው?

መልስ፦ እናቴ፣ ይከልክሉት። ያለ ፈቃድ ከደላላ መግዛት ወንጀል ነው፤ በሬው ሲሸጥም የሚጎድለው የመላው ቤተ ሰብ እንጀራ ነው። ራስን መከላከልን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ቢፈቅድም፣ የሚፈቅደው በደረሰ ወይም ሊደርስ በተቃረበ ሕገ ወጥ ጥቃት ላይ፣ ከጥቃቱ ጋር በተመጣጠነ መንገድ ብቻ ነው። በእርግጥ የሚያሰጋው ሰው ካለ ማንነቱን ለቀበሌውና ለሽማግሌዎች ያስረዳ፤ ማን እንደሆነ መናገር ካልቻለ ግን ክላሹን የፈለገው ለመከላከል አይደለም።