የ5 ዓመት ልጅ ቴኒስ ለማስጀመር ሜዳ የግድ አይደለም

እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እየኖርሽ የ5 ዓመት ልጅሽን ያለ ሜዳ ቴኒስ ማስጀመር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። በደንብ ይቻላል። እንዲያውም በዚህ ዕድሜ ትልቁ ሜዳ አይጠቅመውም። ሙሉው ሜዳ 23.77 ሜትር ይረዝማል፤ ለትንንሽ ልጆች የሚመከረው ግን 11 ሜትር ገደማ ነው። የብሎካችሁ መኪና ማቆሚያ ይበቃል። በጠመኔ አስምሪ፤ መረቡን በሁለት ወንበር መሃል በተወጠረ ገመድ ተኪው።

ዋናው ነገር ኳሱ ነው። የተለመደውን ቢጫ ኳስ አትስጪው። እኛ ያለንበት አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይፈጥናል፣ ነጥሮም በልጁ አናት ላይ ያልፋል። ቀዩ የልጆች ኳስ ከመደበኛው በ75 በመቶ ይዘገያል። ካጣሽው የስፖንጅ ኳስ ግዢ።

ራኬቱ 19 ወይም 21 ኢንች ይሁን። «ሲያድግ ይሆነዋል» ብሎ ትልቅ መግዛት ለጫማ ያስኬድ ይሆናል፤ ራኬት ላይ ግን የልጁን እጅ ያደክማል።

መጀመሪያ ግን ያለ ራኬት ተጫወቱ። ኳሱን አንጥሪለት፣ በሁለት እጁ ይቅለብ። ብዙ ወላጅ ይህን ይዘለዋል፤ በእኔ እምነት መቅለብ ያልለመደ ልጅ መምታት ይከብደዋል። ከዚያ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለሽ ከሥር ቀስ አድርገሽ ወርውሪለት። ኳሱ ነጥሮ ወገቡ ጋ ሲደርስ ይምታ። ቢስተውም አያያዙን በየምቱ አታርሚ፣ ይሰለቻል። 20 ደቂቃ በቂ ነው፤ «ደከመኝ» ሳይል አንቺ አቁሚ።

ከምድር ቤት መስኮቶች ራቅ በሉ፤ መኪና የሚበዛበትን ሰዓትም ተዉት።