ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፦ ፕሮሰሰሩ ተቃጥሎ ይሆን?

ወንድሜ፣ ዴስክቶፕህን ስታበራው ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ተቃጥሎ ይሆን ወይ ብለሃል። ፕሮሰሰር እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። መጀመሪያ ራሙን፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የሚሰካውን ቀጭን የሜሞሪ ካርድ፣ ጠርጥር።

ገመዱን ከሶኬት ንቀልና የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫነው። ከዚያ ራሙን አውጣ። ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርገህ ጥረገው፤ ፍርፋሪው እንዳይቀርበት። ቀጭ እስኪል መልሰህ አስገባው። ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ ሞክር። የኔ አሮጌ ማሽን ሦስት ቀን አስለቅሶኝ የዳነው በላጲስ ነው!

ካልሆነ ፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ እይ። እሱ ከላላ ማራገቢያው ይዞራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ማዘርቦርዱ ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰር ማለት ነው) የሚል ትንሽ መብራት ካለና በርቶ ከቀረ ግን ጥርጣሬህ ልክ ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስ ከተነሳልህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ የፕሮሰሰሩን ስምና ፍጥነት ታያለህ። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ገብተህ እየው። ምንም ሳይሠራ 80 ዲግሪ ከደረሰ ወይ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ደርቋል፣ ወይ ማቀዝቀዣው በደንብ አልተቀመጠም።