ዓይን ቢጫ ሲሆን፦ ስለ ጉበትና ስለ ሐሞት ቱቦ የቀረቡ ጥያቄዎች

የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆንን፣ በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለውን፣ የሚመለከቱ ብዙ ጥያቄዎች ስለደረሱን ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ቢጫው ቀለም ከየት ይመጣል? ከጉበትስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቀይ የደም ሕዋሳት 120 ቀን ያህል ኖረው ሲያረጁ በአብዛኛው በጣፊያ ውስጥ ይፈርሳሉ፤ ከያዙት ሄሞግሎቢንም ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር ይገኛል። ጉበት ይህን ተቀብሎ በውሃ እንዲሟሟ ካደረገው በኋላ ከሐሞት ጋር በቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ያወርደዋል፤ ዓይነ ምድር ቡናማ መልክ የሚያገኘውም ከዚሁ ነው። ደም ከመጠን በላይ ሲፈርስ፣ ጉበት ሲታመም ወይም ቱቦው ሲዘጋ ቢሊሩቢን በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ በዴሲሊትር ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ሲደርስም በቅድሚያ በዓይን ነጩ ክፍል ላይ ይታያል። ቢጫነት እንግዲህ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ መንስኤው ሳይታወቅ ስለ ሕክምናው መናገርም አይቻልም።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ዓይን ቢጫ ሆኗል፤ ሽንቱ ጠቁሯል፤ ዓይነ ምድሩ ግን ነጥቷል። ሰውነቱን ያሳክከዋል እንጂ ሕመም የለውም። እንጠብቅ?

አትጠብቁ። የገለጹልን ምልክቶች ሐሞት ወደ አንጀት እየወረደ አለመሆኑን በብርቱ ያመለክታሉ፦ መውረጃ ያጣው ቢሊሩቢን ወደ ደም ተመልሶ በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ ሽንት ይጠቁራል፣ አንጀት ድርሻውን ስለሚያጣ ዓይነ ምድር ይነጣል፣ ከሐሞት ጋር መውጣት የነበረባቸው ሌሎች ንጥረ ነገሮች ሲጠራቀሙም ሰውነት ያሳክካል። ቱቦውን የሚዘጋው ጠጠር፣ ጠባሳ ወይም የቱቦው አለዚያም የቆሽት ራስ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሕመም አለመኖሩ ብዙዎችን ያዘናጋል፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ የቆሽት ራስ ካንሰር ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ቢጫ እያደረገና ክብደት እየቀነሰ ይመጣልና። የደም ምርመራና አልትራሳውንድ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ናቸው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና በቀኝ የላይኛው ሆድ ሕመም ከተጨመሩ ቱቦው በኢንፌክሽን ተጠቅቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት፤ አንቲባዮቲክ ብቻውን ስለማይበቃ የታገደው ሐሞት እንዲፈስ መደረግ አለበት።

ጥያቄ፦ የሐሞት ጠጠር አለብሽ ተብያለሁ፤ ዓይኔ ግን ቢጫ አይደለም። ምርመራው ተሳስቶ ይሆን?

አልተሳሳተም። ሐሞት በሚጠራቀምበት ከረጢት ውስጥ የተቀመጠ ጠጠር ሐሞት ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርድበትን መንገድ አይዘጋም፤ ቢጫነት የሚመጣው ጠጠሩ ተንሸራቶ ዋናው ቱቦ ውስጥ ሲገባ ነው።

ጥያቄ፦ ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ያለበት ሰው ለዓመታት ደህና ከቆየ በኋላ በድንገት ቢጫ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጉበት የመጠባበቂያ አቅሙ ትልቅ በመሆኑ ጤነኛው ክፍል የተጎዳውን ድርሻ እየሸፈነ ይኖራል። ቫይረሱ በሚያስከትለው የረጅም ጊዜ ቁጣ ምክንያት ሕዋሳት እየሞቱ በቦታቸው ጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳው ጉበቱን ሲያዳርሰው ሲሮሲስ ይባላል፤ ቢጫነትም ብዙውን ጊዜ አቅሙ ሲሟጠጥ የሚመጣ የዘገየ ምልክት ነው። የአልኮል መጠጥና በጉበት ላይ የሚከማች ስብም ወደዚሁ ያደርሳሉ። ስለዚህ ቫይረሱ ያለበት ሰው ደህንነት ቢሰማውም ክትትሉን ማቋረጥ የለበትም። ሄፓታይተስ ሲ በበኩሉ ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰዱ እንክብሎች በአብዛኛው ይድናል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከተወለደ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ቢጫነቱ አልለቀቀውም፤ ዓይነ ምድሩም ነጣ ብሏል።

በብዙ ሕፃናት ላይ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የሚታየው ቢጫነት በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ከዚያ ካለፈና ዓይነ ምድሩ ከነጣ ግን የሐሞት ቱቦዎቹ ተዘግተው እንደሆነ መመርመር አለበት። አንጀትን ከጉበት ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ሲደረግ ነውና ዛሬውኑ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት፤ የዓይነ ምድሩንም ቀለም ይንገሩ።