ናሙናውን የምትወስጂው አንቺ ነሽ

«በአንድ የክልል ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አራት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለመጥባት መድረስ አለመድረሳቸውን ከምራቃቸው ጂን ስለማወቅ የተጻፈ ነገር ላከልኝ፤ ካነበብኩት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሥራዬን ለቅቄ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ከኪሴ ከፍዬ ልማር? ወንድሜ ‹ነርስነት አገልጋይነት ነው፣ ተመራማሪ ሁኚ› ይለኛል። እናቴ ዕቁቧን ልትሰጠኝ ነው። አጎቴ ደግሞ ዱባይ ነዪ ይላል። ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፤ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው።»

ሲስተር፣ ዕድሜሽን እርሺው። እንግሊዝኛው በንባብ ይመጣል። ዱባይ ለገንዘብ ከሆነ ነውር የለውም፤ እንቅልፍ የነሣሽን ጥያቄ ግን እዚያ አታገኚውም።

እኔን ያቃጠለኝ የወንድምሽ «አገልጋይነት» ነው።

ያነበብሽውን ሥራ የጀመረችው ጂል ማሮን፣ ያኔ ቦስተን በሚገኘው ታፍትስ የሕክምና ማዕከል የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም ነበረች። ጥያቄዋም አንቺ በየዲውቲው የምትጠይቂው ነው፦ ለዚህ ልጅ የመመገቢያ ቱቦው ይውጣለት ወይስ ይቆይ? መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስ የሚቀናጁት ከ32 እስከ 34ኛው ሳምንት ገደማ ነው ይባላል፤ ልጅ ግን ሳምንት ቆጥሮ አይጠባም። ስትቸኩዪ ትን ይለውና ይጠቁራል፤ ስትዘገዪ እናትየዋ ከሆስፒታል ሳትወጣ ትከርማለች። እነማሮን በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከረሃብና ከጥጋብ ጋር የተያያዘ ኤንፒዋይ2አር የተባለ ጂን በምራቁ ውስጥ እየሠራ ሲገኝ፣ ልጁ በአፉ ለመመገብ ገና መሆኑን አዩ። በኋላ የሚለኩት ጂኖች አምስት ሆኑ፤ አንዱ ከማሽተት፣ ሌላው ከፊት አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው። (ለእናትሽ ስታስረጂ «ዘር» እንዳትያት። የሚለካው የተወረሰው ሳይሆን ዛሬ የትኛው ጂን ሥራ ላይ እንዳለ ነው።)

አሁን ናሙናው እንዴት እንደሚወሰድ ተመልከቺ። መርፌ የሌለው ትንሽ ስሪንጅ ከሳክሽን (ፈሳሽ ከሚስበው መሣሪያ) ጋር ይገናኝና ከልጁ አፍ ለጥቂት ሰከንድ ይሳባል። አፉ ውስጥ ወተት ቀርቶ ከሆነ የእናትየውም አርኤንኤ (ጂን ሥራ ላይ ሲሆን የሚያወጣው መልእክት፤ የሚለካው እሱ ነው) አብሮ ይመጣል። ማቆያው ፈሳሽ ውስጥ ቶሎ ካልገባ ደግሞ አርኤንኤው ይፈርሳል። ይህን የሚለካው ፒሲአር ማሽን ልጁ በስንት ሰዓት እንደተመገበ አያውቅም። የምታውቀው አንቺ ነሽ።

ዘጠኝ ዓመት ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። ናሙና በመስኮት ይገባል፣ ውጤት በመስኮት ይወጣል። አንድ ቀን «መጠኑ አነስተኛ ነው፣ ድጋሚ ይላክ» ብዬ የመለስኩት ደም ከአንድ ኪሎ በታች ከሚመዝን ልጅ የተቀዳ ነበር። ሁለት ነርሶች ደም ሥር ፍለጋ ምን ያህል እንደተቸገሩ የሰማሁት ምሳ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ክብደቱ አልተጻፈም ብዬ ተከራከርኩ። እውነትም አልተጻፈም። ምሳዬን ግን አልበላሁም።

ስለዚህ አትልቀቂ። ፒሲአር ማሽን እንደሆነ በ2020 ከኮሮና ጋር በየክልሉ ገብቷል፤ አዲስ አበባ ያለውን አርማወር ሃንሰንን የመሰለ የምርምር ተቋምም አለ። በየቀኑ ማን እንደጠባ፣ ማን እንደጠቆረ፣ የማን ቱቦ ወጥቶ ተመልሶ እንደገባ ሥርዓት ይዞ የሚመዘግብ ሰው ነው የሚያንሰው። በሕፃናት ጤና ነርሲንግ ማስተርስ አመልክቺ፤ አዲስ አበባም ጎንደርም ይሰጣል። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ይህንኑ ጥያቄ ያዢ፣ ከላቦራቶሪ በኩል ሁለተኛ አማካሪ ፈልጊ። የምራቁ ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚሠራ የዘወትር ምርመራ ስላልሆነ፣ ጂኑ ላይ ባትደርሺም እንኳ በካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ታቅፈው ያሉ ሕፃናት መቼ ለጡት እንደሚደርሱ በአግባቡ መመዝገብ ራሱን የቻለ ጥናት ነው። መሥሪያ ቤትሽ ልኮሽ ከተማርሽ የአገልግሎት ግዴታ ይኖርብሻል፤ ተቀበዪው።

ስለ ገንዘቡ፦ ወንድምሽ የላከልሽ ጽሑፍ ነው እንጂ የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ስንት እንደሚከፈላት አያውቅም ብዬ ማመንም ይከብደኛል፤ እዚያ የሚከበረው ሥራ እዚህ እኅቱ ስትሠራው እንዴት እንዳነሰበት ጠይቂው። የእናትሽን ዕቁብ አትንኪ። «ልጄ ተመራማሪ ናት» ማለት ለጎረቤት ይጣፍጣል፤ ደመወዝሽ ከቆመ ግን ከሁሉ በፊት የሚጎድለው የእሷ ጓዳ ነው።

መዝገቡን ለጥናት ብለሽ ከመጀመርሽ በፊት የሆስፒታሉን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ጠይቂ። ዓምዶቹን በአንድ ገጽ ንደፊና ላኪልኝ፤ ክብደት የሚጻፍበት ቦታ መኖሩን እኔ አያለሁ።